ለክፉ ቀን የሚሆን መርህ

ስለ ጥሩ ኑሮ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ቀድሞውኑ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ማልዳችሁ ተነሱ፣ ስፖርት ሥሩ፣ አንብቡ፣ ቆጥቡ፣ አመስግኑ። እሺ፣ ጥሩ ነው። ግን ሥራው የጠፋበት፣ ዕዳ የከበበው፣ ሌሊቱን ኮርኒስ ሲያይ ያደረ ሰው ከየቱ ይጀምር? እኔ ለረጅም ጊዜ እዚያ ውስጥ ነበርኩ። ሥራ፣ ጤና፣ ገንዘብና ሰው ተራ እንኳ ሳይጠብቁ ባንድ ላይ ተበላሹብኝ። አሁን ወጥቼበታለሁ። የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ያሳርፈኝ ነበር የምለውን ነው። ፈላስፋም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም፣ ስለዚህ የሚሆናችሁን ውሰዱ፣ የማይሆናችሁን እለፉት።

ዝርዝሩ ስለማይጠቅማችሁ አላበዛውም። አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ኃላፊነት ሲጨመርልኝ ደስ አለኝና እንቅልፌን እየቀነስኩ መሥራት ጀመርኩ፤ ሌሊት መሥራት ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የነበርኩበት ክፍል ተዘጋ። ያጠራቀምኩት አልነበረምና ከአንዱ ተበድሬ ለሌላው መክፈል መጣ። ቀጥሎ ሰው መሸሽ፤ ስልክ ሲጠራ ገልብጦ ማስቀመጥ። ልቤ ያለምክንያት ይመታል፣ ራሴን ያመኛል፣ ሐኪም ጋ ስሄድ ደግሞ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ይባላል። አሁን እዚህ ደረጃ ላይ ያላችሁ ሰዎች ሳታብራሩልኝም ይገባኛል።

ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚያምረው ሕይወቱን በአንድ ሌሊት መቀየር ነው። እኔም ወረቀት አነሳሁና ከነገ ጀምሮ የምኖርባቸውን መርሆች ጻፍኩ። ገጹ ሞላ። ከጎህ በፊት መነሳት፣ አንድ ሰዓት መሮጥ፣ በሳምንት አንድ መጽሐፍ መጨረስ፣ ማንንም አለማማት፣ በጭራሽ አለመበደር፣ ሁልጊዜ አዎንታዊ መሆን (ይሄኛው እስካሁን ያስቀኛል)። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ለጥቂት ቀናት ሌላ ሰው ሆንኩ። ከዚያ አንድ ክፉ ቀን መጣና ሁሉም ባንዴ ወደቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የከፋው ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ጠላቴ መሆኑ ነው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ሆኖ "ይሄንንም አልቻልሽም" ይለኛል።

በኋላ ሳነብ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ ተመሳሳይ ነገር እንደሞከረ አየሁ። 13 መልካም ጠባዮች ለይቶ ጽፎ ነበር። ከእኔ የሚለየው 13ቱን ባንዴ አለመጀመሩ ነው። በየሳምንቱ አንዷ ላይ ብቻ ያተኩራል፣ የጎደለበትን ቀን ትንሽ ደብተር ላይ በነጥብ ምልክት ያደርጋል፣ 13 ሳምንት ሲሞላ ከመጀመሪያዋ ይጀምራል። ያም ሆኖ ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በጊዜው የማድረጉ ነገር ከሁሉም በላይ እንዳስቸገረው ራሱ ተናግሯል። ይሄን ሳነብ ቀለል አለኝ።

ነገሩ መልክ የቀየረው ታላቅ እህቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን ነው። ወረቀቱን ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ስሚ፣ ይሄን የጻፍሽው ለየትኛዋ ነው? እንቅልፍ ለጠገበችው፣ ዕዳ ለሌለባት፣ ከማንም ላልተጣላችው?"

ዝም አልኩ።

"ትናንት የነበርሽበትን አስቢ። ትናንት ከዚህ ውስጥ የቱን ማድረግ ትችይ ነበር?"

አንዱንም፣ አልኳት።

"እንግዲያው ቅደጅውና ትናንትም ቢሆን ልታደርጊው ትችይ የነበረውን ጻፊ።"

እህቴ ምክር አታበዛም። ይሄንን ብላ ወደ ሌላ ወሬ ሄደች። እኔ ግን ስትወጣ ወረቀቱን ቀደድኩት። አዲሱ ላይ የሰፈረው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር፣ ያውም ሰው ቢያየው የሚስቅበት ዓይነት። ከዚያ ወዲህ መርህ የምመዝነው በዚህች ጥያቄ ነው። ታምሜ፣ ተናድጄ ወይ አልቅሼ በዋልኩበት ቀን ላደርገው እችላለሁ? ካልቻልኩ አሳንሰዋለሁ። አሁንም ካልቻልኩ አሁንም አሳንሰዋለሁ። በጥሩ ቀንማ መርህ ማን ያስፈልገዋል፣ ሰው በጥሩ ቀኑ ያለ መርህም ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ወሬ አለ፤ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለው። 21 ቀን ሞልቶ ካልያዘላችሁ ችግሩ ከእናንተ ይመስላችኋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ልማድ እንዲመርጡ አድርገው ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋቸዋል። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነው። አንዳንዱ ሰው በ18 ቀን ለመደ፣ ሌላው ደግሞ በስሌት ሲገመት እስከ 254 ቀን ይፈጅበታል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህን ያህል አላበላሸውም። እኔ አንድ ቀን ከዘለልኩ "በቃ ፈረሰ" ብዬ ሁሉንም የምተው ሰው ነበርኩ። ስለዚህ አንድ ቀን ከዘለላችሁ ዘለላችሁ፤ በማግሥቱ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠል ነው። ለካሳ ብላችሁ እጥፍ አታድርጉ፣ እሱ ነው የሚጥለው።

ሌላው የጠቀመኝ መርሁን ከሚታወቅ ቅጽበት ጋር ማሰር ነው። "እንቅስቃሴ እጀምራለሁ" ማለት ምንም ማለት አይደለም። "ፊቴን ታጥቤ እንደጨረስኩ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ" ማለት ግን ቦታና ሰዓት አለው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ብዙ ዓመት ያጠናው ይሄንን ነው። እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ሐሳቡን ወደ ተግባር የማድረስ ዕድሉ ይጨምራል። በክፉ ቀን ለማሰብ አቅም ስለማይኖር፣ ውሳኔው ቀድሞ ማለቁ ነው ጥቅሙ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የመጀመሪያው መስመር "በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ" ይላል። "ማልደሽ" አይልም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም፣ መነሳት ግን በእጃችን ነው። በደንብ ባልተኛም፣ ሌሊቱን ስገላበጥ ባድርም፣ በዚያችው ሰዓት እነሳና በር ወይ መስኮት ከፍቼ የጠዋት ብርሃን ፊቴን እንዲነካው አደርጋለሁ። የሰውነታችን ሰዓት የሚስተካከለው በዋናነት በብርሃን ነው፤ የመነሻችሁ ሰዓት ሲረጋ የእንቅልፋችሁ ሰዓት ቀስ እያለ ይከተለዋል። መጀመሪያ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ እየተከደነ እውል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ማታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ራሱ ፈልጎኝ መጣ።

አልጋ ላይ ሆናችሁ እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ደግሞ አትታገሉት። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ ያስተማረውና እስካሁን የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። 20 ደቂቃ ገደማ አልፎ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ፣ ወደ ሌላ ክፍል ወይ ወደ ሌላ ጥግ ሂዱ፣ በደብዛዛ መብራት የሚያሰለች ነገር አድርጉ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። አእምሮ አልጋን ከጭንቀት ጋር አያይዞት ስለነበር ያንን መፍታት ነው ሥራው። ሰዓቱን አትዩ። ስልካችሁ ሌላ ክፍል ይደር። ማንቂያ ካስፈለጋችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ቡና የምትወዱ ከሆናችሁ ደግሞ ካፌይን በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ሰውነት ውስጥ እንዳለ አስቡ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ እዚያው ነው።

ለምን እንቅልፍ ላይ ይህን ያህል ትቆያለች ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም ሌላው መከራዬ ግማሹ ከእሱ የመጣ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመጣጥኖ ተገኝቷል። ይሄ በብዙ አገሮች መኪና ከመንዳት የሚከለክል መጠን ነው። እና እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ትልልቅ ውሳኔዎቼን የወሰንኩት በስንት ሰዓት ነበር? ሌሊት። የከፋውን ብድር የተበደርኩት ሌሊት፣ ለጓደኛዬ ያንን መልእክት የላኩት ሌሊት፣ "ሕይወቴ አልቋል" ብዬ የደመደምኩት ሌሊት። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር "ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ውሳኔ የለም" ሆነ። ሐሳቡ ከመጣ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ጠዋት ይታያል። ጠዋት ሳየው አብዛኛው ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ደግሞ ቢያንስ መፍትሔ ይታየዋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ።

እንቅስቃሴን በአጭሩ ልለፈው፣ ሁሉም ሰው ያወራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይላል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ያ ገደብ የለም፣ ትንሽም ይቆጠራል። የእኔ መርህ "በር ድረስ ሄደሽ ውጪ" ነው። ከወጣሁ በኋላ መመለስ ይፈቀዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልመለስም።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ስለ ዕዳ በግልጽ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ትልቁ ችግሩ ስንት እንዳለበት አለማወቁ ነው። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ ላውቀው ስላልፈለግኩ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ መጠን የሌለው ነገር ሆኖ ይዞር ነበር። አንድ ጠዋት (ማታ አይደለም) ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አወጣሁት። የማን፣ ስንት፣ ለመቼ ቃል የተገባ፣ ወለድ አለው የለውም። ድምሩን ሳየው አለቀስኩ፣ ግን ከፈራሁት ያነሰ ነበር። በዚያን ቀን የመጣልኝ እረፍት ከመጀመሪያው ክፍያ ቀን ይበልጣል።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ራስ ደውሎ መናገር። ስልክ የሚሸሽ ሰው ይሄንን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የረዳኝ የምለውን ቀድሜ መጻፌ ነው። "ባልኩህ ቀን አላደርስልህም። ጠፍቼብህ አይደለም። በየወሩ ይህን ያህል እችላለሁ፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እጀምራለሁ።" ይኸው ነው። ታሪክ አታብዙ፣ ስለ ጭንቀታችሁ ረጅም ማብራሪያ አትስጡ፣ አበዳሪው አጽናኝ እንዲሆንላችሁ አታድርጉ። አብዛኞቹ ቀለል አላቸው፤ የሚያናድዳቸው ገንዘቡ ከመዘግየቱ ይልቅ እኔ መጥፋቴ ነበር። አንዱ ክፉኛ ተቆጣ፣ መብቱ ነው። አንዷ ደግሞ እስካሁን አታናግረኝም፣ ገንዘቧን ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላም። ይሄም ያጋጥማል፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

ቃል ስትገቡ በጥሩ ወራችሁ የምትችሉትን አትናገሩ። በመጥፎው ወር የምትችሉትን ተናገሩ፣ ከተረፈ ትጨምራላችሁ። የትኛው ይቅደም ለሚለው፣ በሒሳብ ከሄድን ወለዱ የሚበልጠው ቢቀድም ይሻላል። "በወር 2 ከመቶ ብቻ" የሚል ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሳይከፈል እየተደመረ ከሄደ ግን ዓመት ሲሞላ ወደ 27 ከመቶ ይጠጋል፣ 3 ዓመት ሳይሞላ ዕዳውን እጥፍ ያደርገዋል። ለራሳችሁ ለማስላት 72ን ለዓመታዊው የወለድ መጠን አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ዕዳው እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግምት ይነግራችኋል። እኔ ግን መጀመሪያ ትንሿን ዕዳ ዘጋሁ፣ ከዚያ ነው ወለድ ወዳለው የዞርኩት። ሒሳቡ አይደግፈኝም። ስሟን ከወረቀቱ ላይ ስሰርዝ ያገኘሁት ልብ ግን ለሌሎቹ ስንቅ ሆነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕዳ እየከፈላችሁም ቢሆን ትንሽ ነገር ለብቻ አስቀምጡ። ያለዚያ በሚቀጥለው ክፉ ቀን ተመልሳችሁ እዚያው ብድር በር ላይ ናችሁ።

አፍን በተመለከተ። ለጓደኛዬ ሌሊት መልእክት ላክሁ አልኳችሁ። የጻፍኩት ውስጥ እውነት ነበረበት፤ ግን እውነቱ በጭካኔ ተጠቅልሎ ነው የሄደው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አሁን የተናደድኩበትን ነገር ጽፌ እዘጋውና ሳልልከው አድራለሁ። ጠዋት ከላክሁትም አጥሮ ነው የሚሄደው። ይቅርታ ስጠይቅ ደግሞ "ግን" የምትለውን ቃል አወጣሁ። "አጥፍቻለሁ፣ ግን አንቺም..." የሚል ነገር ይቅርታ አይባልም፣ ሁለተኛ ዙር ጥል ነው። ለእሷ ያልኩት "የጻፍኩልሽ ነገር ጎድቶሻል፣ እንደዚያ ልናገርሽ አይገባም ነበር" ነው። ለሳምንታት አልመለሰችም። መልስ ስላልመጣ ሁለተኛ አልላክሁም፤ ይቅርታ ጠይቆ ቶሎ ይቅር በሉኝ ማለትም ሌላ ጫና ነው።

ሰው የሚለው መስመር ወረቀቱ ላይ መጨረሻ ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥ ያቆየኝ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃርቫርድ የሚያካሂደው አንድ ጥናት አለ። 724 ወንዶችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ እርጅና ተከታትሏል፤ ከፊሉ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ከፊሉ ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የመጡ ልጆች ነበሩ። በኋላ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ተጨመሩ። በ50 ዓመታቸው በሰው ግንኙነታቸው የረኩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና ነበራቸው፤ ይሄንን ከኮሌስትሮል መጠናቸው በተሻለ የተነበየው ግንኙነታቸው ነው። የጓደኛ ብዛት አይደለም፣ በክፉ ቀን የሚደወልለት ሰው መኖሩ ነው።

እሺ፣ ሰው ጠቃሚ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። ችግሩ የጠፋ ሰው ለመመለስ ያፍራል። "ይሄን ያህል ጊዜ ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ ልደውል" የሚለውን ሐሳብ ለወራት ተሸክሜው ዞሬያለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ይሄንኑ አይተውታል። ድንገት መልእክት የሚልክ ሰው፣ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አሳንሶ ነው የሚገምተው፤ በተለይ ተቀባዩ ካልጠበቀው ደስታው ይበልጣል። የእኔ መርህ እንግዲህ በቀን ለአንድ ሰው አንድ ቃል ነው። ስልክ ለማውራት አቅም ካለኝ እደውላለሁ፣ ከሌለኝ "አስታውሼሽ ነው፣ መልስ አያስፈልግም" ብዬ እጽፋለሁ። መልስ አያስፈልግም የምትለዋ ለሁለታችንም ሸክም ታቀላለች። ከእነዚያ መልእክቶች ብዙዎቹ ምንም አላመጡም። አንዱ ግን የአሁኑን ሥራዬን አመጣ፣ ሥራ ስጠይቅ ሳይሆን ሰላም ስል።

ለረዳቶችም አንድ ነገር ልበል። ወዳጃችሁ ክፉ ቀን ላይ ሲሆን "ካስፈለገሽ ደውይ" አትበሉ። ቅን ቃል ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የወደቀ ሰው አይደውልም። "ሐሙስ 11 ሰዓት እመጣለሁ፣ ቤት ሁኚ" በሉ። እህቴ ያደረገችው እንደዚያ ነው። አንዳንዴ መጥታ ስለ ችግሬ አንድም ሳታነሳ ልብስ አጥፋልኝ ትሄዳለች።

እምቢ ማለት ላይ ገና ደካማ ነኝ። ያገኘሁት ጊዜያዊ መላ ማንኛውም ጥያቄ ሲመጣ "አስቤ ነገ ልንገርህ" ማለት ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት የማይችል ሰው በማግሥቱ በጽሑፍ ሊችል ይችላል። ሥራ ላይ ይሠራል፤ ዘመድ ላይ ብዙም አልሠራልኝም። ዘመድ ነገን አይጠብቅም።

ይሄን ሁሉ ስል አንድ ነገር እንዳይሳሳት። እነዚህ መርሆች ሕክምና አይደሉም። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከከፋችሁ፣ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ከጠፋባችሁ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሩ። መኖር አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። እኔ ባለሙያ ያነጋገርኩት ዘግይቼ ነው፣ "ለእብድ ነው" የሚለውን ወሬ ፈርቼ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነገር ስለ እንቅልፌ ነበር።

ከወረቀቱ የሰረዝኳቸውም አሉ። በየማታው የማመሰግንበትን ነገር መጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ለብዙ ሰው ይሠራል፣ እኔ ላይ የቤት ሥራ ሆነብኝና ተውኩት። ዜና ሙሉ በሙሉ መተውም አልሆነልኝም፣ አሁን ጠዋት ከብርሃኑ በኋላ አንዴ አያለሁ። ባለፈው ክረምት ታምሜ ስተኛ ደግሞ መነሻ ሰዓቴ ተዛባ፣ በር ድረስ መሄዱም ቀረ፣ የቀረኝ የአንድ ሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሲሻለኝ መጀመሪያ የመለስኩት የመነሻ ሰዓቱን ነው። ሌሎቹን ገና እየጨመርኩ ነው።